ወደ ምሥራቅ የዞረው በር

በረዶ የቀላቀለ ዐውሎ ነፋስ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ትሮይቪል ሰፈር ያለችውን ቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያዋን ገሽልጦ ግድግዳዋን ሲጥል እኔ አራስ ነበርኩ። ታቦቱ ደህና ወጣ። ምእመናኑ ጀፕ ገበያ ላሉ ነጋዴዎች ብርድ ልብስ የመጣባቸውን ሁለት ባዶ ኮንቴይነሮች ለምነው በፍርስራሹ ቦታ አስቀመጡ፤ መስኮቱን ከአሮጌ ታክሲ መስታወት፣ ወለሉን ከዕቃ መጫኛ ፓሌት እንጨት ሠሩት።

ባሌ ግን «ልጄ ኮንቴይነር ውስጥ ክርስትና አትነሳም» ብሎ ድርቅ አለ። ደርባን የሚባል ሌላ ከተማ ወንድም አለው፤ ሰማንያዋን እዚያ እናድርግ ባይ ነው። እኔም አንዴ እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ። ልጅ ስጠኝ ብዬ የተሳልኩት እዚህ ነው፤ ስለቴ ሲሰምር እልል ያሉልኝ ሴቶችም ያሉት እዚህ ነው። ልጄ የትም አትሄድም!

«እስቲ መጀመሪያ እንየው» ብዬ አንድ ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ታቦቱ ገና ባይገባም፣ ሰማንያ ቀኔ ሳይሞላ መግባት አልደፈርኩም። ሕፃኗን ታቅፌ አጥሩ ጋ ቆምኩና «አንተ ገብተህ እይልኝ» አልኩት። ፊቱን አጨፍግጎ ገባ።

ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር። የክሬኑ ሹፌር ኮንቴይነሮቹን ያስቀመጣቸው በራቸውን ወደ መንገዱ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው። መቅደስ የሚሆነው ደግሞ በምሥራቅ በኩል ነው።

«ሕዝቡ በመቅደስ በኩል ሊገባ ነው?» እያሉ ካህኑ ራሳቸውን ይዘዋል። ሌሎቹ ክሬኑን መልሶ ስለመለመን ያወራሉ። ባሌ ወደ ውስጥ ዘልቆ የምዕራቡን ግድግዳ ሲያንኳኳ በተከፈተው በር አየሁት። ሥራው የሱቅ ፍርግርግ መበየድ ነው፤ ብረት ካየ እጁ አያርፍም።

ወጣ። መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። አልፎኝ ወደ መኪናው ሄደና የብረት መቁረጫውን አወረደ።

«ደርባኑስ?» አልኩት።

«አሁን አታድርቂኝ።»

ተመልሶ የምሥራቁን በር ከፊቴ ዘጋው። ከዚያ በኋላ የብረት ሲጢጥታ ብቻ ነው የሰማሁት። ሕፃኗ አለቀሰች፤ እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

በሰማንያዋ ጫማዬን አውልቄ በኮንቴይነሮቹ ጀርባ በኩል ዞርኩ። የምዕራቡን በር ያየሁት ያኔ ነው። ሰፊ ነው፤ ጠርዙ የማንንም ነጠላ እንዳይዝ ተሞርዶ ለስልሷል። ባሌ አጠገቤ ቆሞ «ጠበበ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ዕንባዬ መጣ።

«ለሰርጓም ይበቃታል» አልኩትና ልጄን ይዤ ገባሁ።