ለእማማ የጨመርናት ስክሪን

በምንኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ዳንፎርዝ በሚባለው ሰፈር በምንከራየው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ እሑድ እሑድ የመዝሙር ግጥም ስክሪን ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። አሮጌ ላፕቶፔን ከኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ስክሪን ጋር በገመድ አገናኘዋለሁ።

አንድ እሑድ፣ ሁልጊዜ ፊት ወንበር የሚቀመጡ እማማ ሲወጡ እጄን ያዙኝ። ጆሯቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ ዓይናቸውም ከሩቅ አያነብላቸውም።

«ልጄ፣ ሰዉ አፉን ሲከፍት እኔም እከፍታለሁ። ምን እንደሚዘመር ግን አላውቅም።»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ምነው እስካሁን ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ሰው ላስቸግር?» ብለው ሳቁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ያቺን እቤት ያለችውን ትንሿን ስክሪን ወንበራቸው ፊት ብናስቀምጥላቸውስ?» አለች። ላፕቶፑ ለስክሪን የሚሆን መሰኪያ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ገዛሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሄደን ሞከርነው። ስክሪኗ በራች፤ ግጥሙ ግን እየተንቀራፈፈ ይመጣል፤ አንዱ ስንኝ አልቆ ሌላው ሲጀመር እሷ ገና የፊተኛው ላይ ናት። አዳፕተሩ የተበላሸ መስሎኝ ልመልሰው ስል ማብራሪያውን አነበብኩ። ለካ እንዳሰብኩት ሳይሆን የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምስሉን የሚሠራው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ካርድ ነው። ከዚያ ከአዳፕተሩ ጋር የመጣው ሶፍትዌር ምስሉን ጨምቆ በዩኤስቢ ይልከዋል፤ አዳፕተሩ ተቀብሎ ይፈታና ለስክሪኗ ያቀብላል። ሸክሙ ሁሉ የወደቀው በዚያው በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ነበር።

ባለቤቴ ስክሪኗን ትክ ብላ አየቻት። ከግጥሙ ጀርባ ማዕበሉ የሚንከባለል ባሕር አለ፤ እኔ ነኝ መርጬ ያስገባሁት።

«ይሄ ባሕር ምን ያደርጋል?»

«ያምራል እኮ!»

«እማማ ባሕር አሳየኝ አሉህ?»

ነገሩም እውነት ነው፤ ማዕበሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ እንደ አዲስ ተጨምቆ መላክ አለበት። በትንሿ ስክሪን ላይ ባሕሩን አጠፋሁና ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ አስቀረሁ። ምስሉ የሚላከው ስንኙ ሲቀየር ብቻ ሆነ፤ መንቀራፈፉም ቀረ። የግድግዳው ስክሪን በቀጥታ ከካርዱ ስለሚቀበል ባሕሬን እዚያ ተውኩት። ባለቤቴ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ መዝሙሩ ሲጀመር እማማ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ስክሪኗ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ዘመሩ። ከሁሉ በላይ ጮክ ብለው፣ ዜማውን ወደ ራሳቸው እየጎተቱ፣ ቃል ሳይስቱ ዘመሩ። መሪዋ ዘማሪ ለአፍታ ዜማው ጠፋባት፤ ፈገግ አለችና ከእሳቸው ጋር ቀጠለች። ባለቤቴ ከጎኔ ክንዴን ጨበጠችው።

ሲያልቅ ወደ እኔ መጡ።

«እንዴት ነበር ድምፄ?»

«ከሁላችን ጎልቶ ነበር እማማ!»

«እንግዲህ ፊደሉን ትንሽ አተልቅልኝ» አሉኝ ትከሻዬን መታ እያደረጉ፤ «ድምፁን ለእኔ ተወው።»