ሹፌሩ ሙላቴ እና ከባሕር በላይ ያለው ሜዳ

ጋሼ ሙላቴን በደብረ ታቦር መናኸሪያ የማያውቃቸው የለም። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከደብረ ታቦር ወልድያ ቅጥቅጥ አውቶብስ ሲነዱ ነው። መንገዱ ጠጠር በነበረ ጊዜም፣ አስፋልት ከለበሰ በኋላም፣ ክረምት ከበጋ፣ በጉና ጥግ አልፈው፣ ክምር ድንጋይ ላይ ሰው አውርደው ሰው ጭነው፣ ንፋስ መውጫ ቁርሳቸውን በልተው፣ የጨጨሆን ገደል በጉም ውስጥ ቀስ እያሉ ሲሻገሩ ኖረዋል። ተሳፋሪው "ሹፌሩ ማነው?" ብሎ ይጠይቅና "ሙላቴ ነው" ሲሉት ያለ ሥጋት ይሳፈራል። ከሌሎቹ ዘግይተው ይደርሳሉ እየተባሉ ቢታሙም መድረሳቸውን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

እኔ በግቢያቸው አንድ ክፍል ተከራይቼ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የማወራው ያየሁትንና ከራሳቸው አፍ የሰማሁትን ነው።

ነገሩ የደረሰባቸው እዚያው ጨጨሆ ላይ ነው። ጠዋት ነበር፤ መኪናው ሞልቷል። መታጠፊያው ላይ ማርሽ ሊቀይሩ ሲሉ ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። "እጄን አየዋለሁ፤ ማርሹ ላይ ተቀምጧል። ግን የሌላ ሰው እጅ ነው" ይሉ ነበር ኋላ ሲያወሩት። ቀኝ እግራቸውም እንደዚያው ሆነ። በግራ እጃቸው መሪውን ወደ ተራራው ጥግ መለሱት፣ በግራ እግራቸው ፍሬኑን ረገጡ፣ ከዚያ ወገባቸውን አዙረው በዚያችው ባልተነካች እጅ የእጅ ፍሬኑን ሳቡት። መኪናው ቆመ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ገደል ማንንም አልወሰደም። አሰለፈች የምትባል የጋይንት ሴት ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሳቸው ስር አኖረችላቸው፤ የተቀሩት ተሳፋሪዎች ሌላ መኪና አስቁመው ተሸክመው አሳፈሯቸው።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ምላሳቸው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተፈታ፤ እግራቸውም እየተጎተተም ቢሆን መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ሞተ ቀረ። የመናኸሪያ ጓደኞቻቸው ሊጠይቁ ሲመጡ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይደብቁታል። ባለቤታቸው ብርቱካን ታጎርሳቸዋለች። በፊት ለበዓል ስታጎርሳቸው ደስ ይላቸው የነበሩት ሰውዬ አሁን በየማዕዱ ጉርሻ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

"ሃያ ሰው ከሞት ያተረፈ እጅ እኮ ነው የቀረልህ" ትላቸዋለች ብርቱካን፣ ግራ እጃቸውን ይዛ።

"የማተርፈው ሳይሆን የማጎርሰው እጅ ነው ያጣሁት" ይላሉ እሳቸው። እሷን ማጉረስ አምሯቸው እንደነበር ያን ጊዜ አልገባንም።

ሆስፒታል ውስጥ የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጥ ሲስተር አልማዝ የምትባል ባለሙያ ነበረች። "ጣት ካልሠሩበት ሥራውን ይረሳል። ባቄላ ይልቀሙ፣ እርጥብ ጨርቅ ይጭመቁ፣ ምንም ይሁን ምን ጣቶችዎ ይሥሩ" አለቻቸው። ጥቂት ቀን ለቀሙና ሰሃኑን ገፉት። "ጨጨሆን ሲሻገር የኖረ ሰው ባቄላ ለቃሚ ሆነ!" አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ ባቄላ አላቀረበላቸውም።

መላ ያመጣችው ልጃቸው ሊድያ ናት። ሊድያ ከተማው ውስጥ ሞባይል ትጠግናለች። አንድ ቀን መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ስክሪኑ ግን ሰፊ የሆነ ስልክ ይዛ መጣችና ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ ላይ ጠረጴዛ አቅርባ አስቀመጠችላቸው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሜዳ፣ አንዲት ነጭ ኳስ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ትንሽ ባንዲራ ይታያል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጎልፍ ነው አባዬ። ኳሷን እየመቱ ባንዲራው ያለበት ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። ትንሽ ጊዜ መትቶ የከተተ ያሸንፋል።"

"ገና ነዋ!" አሉ ጋሼ ሙላቴ። "ለልደት የምንጫወተው። ጥንጓ ነጭ ሆነች እንጂ።"

"ገናማ ሰው ቅልጥም ይሰብራል። እዚህ የሚጋፋዎ የለም።"

"ከማን ጋር ነው የምጋጠመው ታዲያ?"

"በኔትወርክ ነው፤ ከየትም አገር ካለ ሰው ጋር ያገናኝዎታል። ግን አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ፤ በግራ እጅዎ ከነኩት እወስደዋለሁ።"

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ኳሷን በጣት ወደ ታች ስቦ መያዝ፣ አቅጣጫ ማስተካከል፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ መርፌ መሐል ላይ ስትደርስ ጣትን ማንሳት። ለሌላ ሰው የቅጽበት ሥራ ነው። ለጋሼ ሙላቴ ግን ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ማኖሩ ራሱ ላብ የሚያወጣ ነበር። ለእያንዳንዱ ምት የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቷል፤ ጊዜው ካለፈ ተራዋ ትቃጠላለች። የሳቸው ተራ አንዷ ሳትቀር ትቃጠል ነበር። ተጋጣሚዎቻቸው የሚስቅ ፊት ይልኩባቸዋል፤ አንዳንዱም ሰልችቶት ጥሏቸው ይወጣል።

እልህ ግን ያዛቸው። ባቄላው ያላመጣውን እልህ ያ የሚስቅ ፊት አመጣው። ጠዋት ፀሐይዋ ጠረጴዛዋን ስትነካ ይቀመጣሉ፤ ብርቱካን ለቁርስ እስክትጠራቸው አይነሱም። ክረምቱ ሳይገባ አመልካች ጣታቸው ታዘዘች። ሜዳ ሜዳ የሆነውን ቦታ ሁሉ እየተሸነፉም እያሸነፉም ተጫውተው ጨረሱት።

ከዚያ ጨዋታው አዲስ ሜዳ ከፈተላቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ካሜራው እንደ ጆፌ አሞራ ከላይ እየዞረ ቦታውን አሳየን፤ ቁልቁል የተቆረጠ ጥቁር ገደል፣ ከስሩ አረፋ የሚደፍቅ ባሕር፣ አፋፉ ላይ ደግሞ ጠባብ የሣር መስመር። ጋሼ ሙላቴ ስልኩን ገፉት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ሊድያን ጥራልኝና ይሄን ታጥፋልኝ" አሉ።

ሊድያ መጥታ ስታየው ገባት። አጠፋችው። ለብዙ ቀን ስልኩ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ እሳቸውም ወደ ግድግዳ መዞር ጀመሩ። በመጨረሻ ስልኩን ያነሳችው ብርቱካን ናት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እስቲ አሳየኝ፤ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም" አለች።

"እኔስ የት አየሁ?" አሉ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ጋሼ ሙላቴ ጣታቸውን ኳሷ ላይ አኖሩ።

ሜዳው የምሩን አስቸጋሪ ነበር። ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ይዞራል፤ ቀጥ ያለ ምት ሁሉ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። ዘጠነኛው ጉድጓድ ከሁሉም ይብሳል። እዚያ ላይ ባሕሩ ገደሉን ለሁለት ሰንጥቆታል፤ ባንዲራው ያለው ማዶ ነው። ወይ ኳሷን በስንጥቁ ላይ ማሻገር፣ ወይ በየብሱ በኩል ረጅሙን ዞሮ መሄድ ነው። ጋሼ ሙላቴ ሁልጊዜ ይዞራሉ። ዞሮ የሄደ ደግሞ ያው ይሸነፋል።

"ለምን አይሻገሩም?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"ልጄ፣ መኪና ሙሉ ሰው ይዤ ነው የኖርሁት። አቋራጭ አልወድም።"

ያን ሰው ያገኙት በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በስሙ ቦታ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነገር ተጽፏል፤ በፎቶው ቦታ ቡናማ ውሻ አለ። ሊድያ ባንዲራውን አይታ የፊሊፒንስ ነው አለች። እኛ "ባለ ውሻው" አልነው። ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ ዘጠነኛውን በአንድ ምት ይሻገረዋል። በመጀመሪያው ግጥሚያ የጋሼ ሙላቴ እጅ ደከመና ጊዜያቸው አልቆ ተራቸው ተቃጠለ። የሚስቀውን ፊት ጠበቅን፤ አልመጣም። የባለ ውሻው ተራ ደረሰ። ሰውዬው አልመታም። ሰዓቱ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ አለቀ። የራሱን ተራ በፈቃዱ አቃጠለ።

"ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል" አለች ሊድያ።

የጋሼ ሙላቴ ተራ እንደገና ሲያልፍ ግን እሱም እንደገና ዝም ብሎ አሳለፈ። ጋሼ ሙላቴ ተቆጡ። "እያዘነልኝ ነው! ማን እዘንልኝ አለው?" ብለው ሊያጠፉት እጃቸውን ዘረጉ።

ብርቱካን እጃቸውን ያዘች። "አላዘነልህም። እየጠበቀህ ነው። አንተስ ስንቱን ሰው ጠብቀሃል? አሮጊት ከጓሮዋ እስክትወጣ ጥሩምባ እየነፋህ አልቆምህም?"

ጋሼ ሙላቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። ወደ ሊድያ ዞረውም "ምን ብሎ ነው በዚህ ጨዋታ ምስጋና የሚላከው?" ብለው ጠየቁ። ጨዋታው ማንም የፈለገውን እንዲጽፍ አይፈቅድም፤ የተዘጋጁ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው ያሉት። ሊድያ አሳየቻቸው። በዚያችው አመልካች ጣታቸው "አመሰግናለሁ" የሚለውን ነኩ። ከወዲያ "ጥሩ ምት" የሚል መጣ፤ እንኳን ጥሩ ምት ጭራሽ አልመቱም ነበር። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ይገናኙ ነበር። እዚያ ከሰዓት ይሆናል አለች ሊድያ። እሳቸው ሲቆዩ ይቆያል፤ ሲፈጥኑ ይፈጥናል። አንድም ቀን አሸንፈውት አያውቁም።

በመሐል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ቀን ቀንን እየወለደ ወራት ሄደ። ጋሼ ሙላቴ ስልኩን እየከፈቱ ባዶውን ያዩና ይዘጉታል። የገረመኝ ግን ወደ ግድግዳ አልዞሩም። ባቄላውን ራሳቸው ጠየቁ። "ሰውዬው ሲመጣ እጄ ዝጎ እንዳያገኘኝ" እያሉ ይለቅማሉ፤ የብርቱካንን እርጥብ ልብስ ይጨምቃሉ። ሲስተር አልማዝ ስታያቸው ማመን አቃታት።

ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት ሊድያ ከሥራ ቦታዋ እየሮጠች መጣች። ጨዋታው ሲከፈት ስክሪኑ በትናንሽ ሳጥኖች ተሞላ። ጨዋታው ውስጥ ጓደኛ ለጓደኛው በቀን አንድ የኳስ ስጦታ መላክ ይችላል። አንዱን ሳጥን ሲነኩት ሌላው ይመጣል፤ እሱን ሲነኩ ሌላ። ሁሉም ላይ ያ ቡናማ ውሻ አለ። ባለ ውሻው መልስ ሳያገኝ፣ ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቅ፣ በእነዚያ ወራት ሁሉ ሲልክ ነበር።

ጋሼ ሙላቴ አለቀሱ። ጨጨሆ ላይ ያላለቀሱ፣ ሆስፒታል ያላለቀሱ ሰው በዚህ አለቀሱ። "ስሜን እንኳ አያውቅም እኮ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ተገናኙ። ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው እንደ ወትሮው ወደ የብሱ አዞረች፤ ከዚያ ቆመች። ንፋሱን የምታሳየውን ቀስት ሲያዩ ቆዩ።

"ዛሬ ተሳፋሪ የለኝም" አሉና ወደ ስንጥቁ መለሷት።

ሳቡ፣ ለቀቁ። ኳሷ ጥቂት ሄዳ ገደሉን ታክካ ባሕር ገባች። እኔ ፊታቸውን ፈራሁ። እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "ገባች! ሰውም አልሞተ፣ ጎማም አልፈነዳ!" አሉ። ሁለተኛዋን ከንፋሱ ትንሽ ወደ ግራ አስተካክለው ለቀቁ። ኳሷ ከፍ አለች፤ አረፋውን፣ ጥቁሩን ድንጋይ ተሻገረች፣ ማዶ ሣሩ ላይ ነጥራ ቆመች። ብርቱካን እልል አለች። ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት በአጥር ብቅ አለ። ግጥሚያውን ባለ ውሻው አሸነፈ፤ ግን ማን ልብ ብሎ?

በዚያው ወር የሚካኤል ማኅበር ተራ የእነሱ ነበር። የነፍስ አባታቸው መምሬ አስናቀ ዳቦውን ባርከው ከመቁረሳቸው በፊት "በጸሎት የምናስበው ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ። ጋሼ ሙላቴ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

"አለ አባቴ።"

"የክርስትና ስሙ ማነው?"

"አላውቀውም።"

"የዓለም ስሙስ?"

"እሱንም አላውቀውም። ውሻ እንዳለው ብቻ ነው የማውቀው።"

ሰው ሳቅ አፈነ። ጋሼ ሙላቴ ግን አልሳቁም፤ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩ። መምሬ አስናቀ ጎንበስ ብለው አዳመጧቸው። ስልክ ውስጥ ያለውን ሜዳ ብዙም የተረዱት አልመሰለኝም፤ መጠበቁን ግን ተረዱት። "እንግዲህ አምላከ ሚካኤል ያውቀዋል" አሉና እጃቸውን ዘርግተው፣ በሩቅ አገር ያለውን፣ የደከመ ወንድሙን ቆሞ የጠበቀውን ሰው ቤቱን ባርክለት፣ ዕድሜ ስጠው ብለው ጸለዩ። ቤቱ ሙሉ ሰው አሜን አለ። ከዚያ ማዕዱ ሲቀርብ ጋሼ ሙላቴ በቀኝ እጃቸው እንጀራ ቆረሱ፣ ወጡን አጠቀሱና ብርቱካንን አጎረሷት። ግማሹ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። እሷም ነጠላዋን ሳትጠርግ እየሳቀች አኘከች።

ወደ መሪው አልተመለሱም፤ እንደማይመለሱም ያውቃሉ። አሁን መናኸሪያ ውስጥ ተራ ያስከብራሉ፤ አዳዲሶቹ ሹፌሮች "ጋሼ፣ ጨጨሆ ዛሬ እንዴት ይሆን?" እያሉ ይጠይቋቸዋል። እዚያ የሚሄዱት ግን ጠዋት ከባለ ውሻው ጋር ከተጫወቱ በኋላ ነው። ትናንት በር ላይ አግኝቼ "እንዴት ሆነ ጨዋታው?" አልኋቸው።

"ተሸነፍሁ፤ ተመስገን" አሉና ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ወረዱ።