ካሃል ያለበት ግድግዳ

ዲምፕና ጡረታ እስክትወጣ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች የሰሜን አየርላንዷ የቤልፋስት ሴት ናት። ቤቴ ከቤቷ ትይዩ ስለሆነ መስኮቴን በከፈትኩ ቁጥር የማየው የእሷን የጎን ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ ካሃል ተስሏል፤ ጠብመንጃ ይዞ፣ ቁመቱ ጣሪያ ደርሶ። ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በተጋደሉበት በሁከቱ ዘመን እዚሁ መንገዳችን ላይ ተመቶ የሞተ የሰፈራችን ልጅ ነው። ቤቱ የዲምፕና ነው፤ ግድግዳው ግን የሁላችንም ነው ይባላል።

ከሥዕሉ ጀርባ የእሷ መኝታ ክፍል ነው። ግድግዳው ተሰንጥቆ ዝናብ ያስገባል፤ ብርድ በገባ ቁጥር ሳሏ እኔ ቤት ይሰማል። ዘንድሮ ሐኪሙ "ሌላ ክረምት እዚያ ክፍል ከተኛሽ ሳንባሽ አይተርፍም" አላት። ለማደስ ደግሞ ልስኑን ከነሥዕሉ መፋቅ የግድ ነው። የጠራችው ግንበኛ ሁሉ ቀና ብሎ ካሃልን ሲያይ ፈርቶ ይሄዳል።

ከዚያ ከሰላም ፕሮጀክት አንዲት ልጅ መጣች።

"ጠብመንጃው ይጠፋና ርግብ እንስልበታለን።"

"ርግቧ ዝናብ ታቆማለች?" አለች ዲምፕና።

"በጀታችን ለቀለም ብቻ ነው።"

በማግስቱ የመታሰቢያ ኮሚቴው ፊንታን ደረሰ።

"የምን ርግብ! ለፋሲካው የታጋዮች መታሰቢያ ካሃልን አድሰን እንስለዋለን።"

"አንተም ቀለም? ቀለምህን ለሳሌ ልጠጣው?"

"እማማ ሮዛሊንስ ምን ይላሉ? በየእሁዱ ቆመው የሚያዩት ልጃቸውን እኮ ነው።"

ዲምፕና ወደ ቤቷ ገባች። የካሃል እናት ስም ሲጠራ ማናችንም አንከራከርም።

እሁድ እማማ ሮዛሊን እንደ ልማዳቸው መጥተው ቆሙ። ዲምፕና በሯን ከፍታ "ይግቡ" አለቻቸው። ገብተው አያውቁም። ደግፌ ደረጃውን አወጣኋቸው። አልጋው ከግድግዳው ሸሽቶ ክፍሉ መሃል ቆሟል፤ ግድግዳው ሥር ባልዲ አለ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ወዲያው አነሱት።

"እዚህ ነው የምትተኚው?"

"የት ልሂድ?"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ልጅዎ ነዋ።"

መዳፋቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉ። "እሱም ብርድ አይችልም ነበር" አሉ።

ማክሰኞ ግንበኛ የሆነውን የእህታቸውን ልጅ ይዘው መጡ። ከእኔ ወንበር ተበድረው መሰላሉ ሥር ተቀመጡ። ፊንታን ሁለት ሰው አስከትሎ እየሮጠ ደረሰ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ታሪካችን ነው!"

"ያንተ ቤት ግድግዳ ደረቅ ነው። ወስደህ እዚያ ሳለው።"

ማንም አልነካቸውም። መዶሻው ቀጠለ። የልጃቸው ፊት ተሰባብሮ ሲወርድ ቀና ብለው አላዩም።

ግድግዳው ታድሶ ነጭ ተቀባ፤ ዲምፕና አሁን ትተኛለች። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። የማላውቃቸው ጎረምሶች ከነጩ ግድግዳ ሥር ቆመው፣ ሌላ ሥዕል ሊስሉበት ይመስል፣ ቁመቱን በዓይናቸው ሲለኩ ሁለቴ አይቻለሁ። እማማ ሮዛሊን ወንበሬን መልሰውልኛል። ኩሽና አላስገባሁትም፤ እንደገና ይፈልጉት ይሆናል ብዬ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።