አክስቴና ትንፋሽ ያጠራት መኪና

አክስቴ መካኒክነትን የተማረችው በባሏ አፍ ነው። እሱ ወገቡ ተጎድቶ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ከድና፣ የእሱን ቱታ ለብሳ መኪና ሥር ገባች። እሱ ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ «ወደ ግራ! የኔን ግራ አይደለም፣ የመኪናዋን!» ይላት ነበር። ዛሬም ወንበሩ ጋራዡ በር ላይ አለ፤ እሱም አለ፤ አሁን ግን ምክሩን የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው፣ አልፎ አልፎም ሳይጠየቅ። ዘይት የሚያፈስ አሮጌ መኪና ሲመጣ ግን ማንም ለአክስቴ ሥራዋን አይነግራትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለታክሲው ጥሩምባ መጣ። ጥሩምባ ያሉት ሳይጮኽ ማውራት ስለማይችል ነው። ያን ዕለት ግን ድምፁ ወርዶ ነበር።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ዓመታዊ ምርመራ አለብኝ። ከሥሯ አንዲት ጠብታ ካዩ ከሥራ ያስወጧታል። እሷ ከወጣች እኔም ወጣሁ።»

«የት ጋ ነው የምታፈሰው?»

«ከኋላ፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ጋ። ሌላ ጋራዥ ማሸጊያውን ቀየሩልኝ፤ ወዲያው ተመልሳ ማፍሰስ ጀመረች። አሁን ደግሞ ሞተሩ ይውረድ ይላሉ። ሞተር ወርዶ ለነገ ይደርሳል?»

«አይደርስም። ግን ማን ይውረድ አለ? ዘይት እኮ እንደ ወሬ ነው፤ የምትሰማበትና የተነሳበት አንድ አይደለም። በል፣ መጀመሪያ ገላዋን እንጠባት።»

በናፍጣና በብሩሽ ፈተገችው፣ አደረቀችው፤ ከዚያ ከመሳቢያዋ የሕፃን ፓውደር አውጥታ በሞተሩ ላይ ነሰነሰች። ያ ጥቁር ብረት ውርጭ እንደወረደበት ማሳ ነጣ። ጋራዡ አሁን የታጠበ ጨቅላ ጨቅላ ሸተተ።

«አስነሳ!»

ጥሩምባ አስነስቶ ወረደ፤ እሱ፣ አክስቴና አጠገቧ የቆምኩት እኔ አንገታችንን አሰገግን። መጀመሪያ ከላይኛው ክዳን ሥር አንድ ቀጭን ጥቁር ክር ወጣና በሞተሩ ጀርባ ወደ ካምቢዮው ወረደ። ተገኘ ብዬ ልጮኽ ስል ሌላ ክር ከፊት፣ ሌላም ከጎን ወጣ።

«አበቃልኝ!» ጥሩምባ ራሱን ያዘ።

«ደስ ይበልህ እንጂ» አለች አክስቴ። «ሁሉም ማሸጊያ በአንድ ቀን አያረጅም። ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ።»

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተችና አፉ ላይ የጎማ ጓንቷን አጠለቀችበት። ጓንቱ ተነፋ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ሞተሩ ውስጥ የተዘጋበት ሰው እጁን አውጥቶ የሚጣራ መሰለኝ።

«ሞተር ይተነፍሳል እንዴ?» አልኩ።

«ታዲያ! በደህናው በር ካላስወጣኸው በየስንጥቁ ይወጣል፣ ዘይቱን እየገፋ።»

በጣቷ ከላይኛው ክዳን የሚነሳውን መተንፈሻ ቱቦ ተከትላ ሄደች፤ ነቀለችው። በፒንሳ ከውስጡ የሳበችው ጨርቅ ቢስቡት ቢስቡት አያልቅም።

«ይሄን ማን አጎረሳት?»

ጥሩምባ ጫማውን አየ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ቱቦው ተሰንጥቆ ይጨስ ነበር። ተሳፋሪው ሸተተን፣ ሸተተን ሲል...»

«ተሳፋሪው አፍንጫውን ይያዛ! አንተ የመኪናዋን ይዘህ ሞተር ልታስወርድ ነበር!»

ባሏ ወገቡን ደግፎ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ አታስቂኝ፤ ያመኛል!»

አዲስ ቱቦ ገባ፣ የተደፈነው መተንፈሻ በቤንዚን ታጠበ። ከቦታው የተገፋውን የላይኛውን ክዳን ማሸጊያ ቀየረችና ብሎኖቹን አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከወዲያ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቀች። «ጨርቅም በአንድ ወገን ብቻ ከሳብከው ይሸበሸባል» አለች።

«የኋላው ማሸጊያስ?» አለ ባሏ፣ አሁን ሳይስቅ። «ግፊቱ ጎድቶት ከሆነ ነገ ጉድ ይሆናል።»

«አልጎዳውም። አዲስ ነው። ሲገፉት አለቀሰ እንጂ አልተቀደደም።»

እንደገና አጠበች፣ እንደገና ፓውደር ነሰነሰች፤ ጥሩምባም መኪናዋን ዳገቱን አስወጥቶ አስወርዶ መለሳት። አክስቴ ሥሯ ገባች። የእጅ ባትሪዋ ብርሃን ወዲህ ወዲያ አለ። ጥሩምባ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «እህስ?» አለ።

«ደረቅ» የሚል ድምፅ ከመሬት መጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥሩምባ ገና ከመንገዱ ጫፍ ይሰማ ነበር። «አለፈች! መርማሪው ተንበርክኮ አየ፣ በባትሪ አየ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ምንም! እትዬ፣ ይህ እጅ ይባረክ!»

ከኋላው መኪናዋ ሰው ሞልታ ቆማለች። አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ሹፌር! ምርቃቱ ሲያልቅ እንሂድ እንጂ!» አሉ።

አክስቴ ሌላ መኪና ሥር ናት፤ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው።

«ሰው ጭነህ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ንዳ እንጂ!»

ጥሩምባ እየሳቀ ገባና ነዳ።