ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰበሰብ ተጠቃሚዎች

ናዝሬት ለሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የመጣለት በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በሕንፃ ዲዛይን ክፍሉ ሥራ ከጀመርኩ ገና ብዙ አልቆየሁም ነበር። ማሽኑ ለብቻው አንድ ክፍል ተሰጠው። አቧራ እንዳይገባበት መስኮቱ ተዘጋ፤ እኛም ጫማችንን አውልቀን ነበር የምንገባው። አብረውት የሕንፃን ጥንካሬ የሚያሰላ ፕሮግራም የያዙ ዲስኬቶችና አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ መጡ። አስተማሪ ግን አልመጣም። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ሰው አከፋፈቱንና አዘጋጉን አሳይቶን በዚያው ቀን ተመለሰ።

እኔ ሙጭጭ አልኩበት። ምሳ ሰዓቴን እንኳ እዚያው ነበር የማሳልፈው። በእጅ ስንሠራው ሳምንት የሚፈጅብንን ስሌት ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ አውጥቶ ሲጠብቀኝ እንደ ልጅ ያስቀኝ ነበር።

ከዚያ የዝዋዩ የውሃ ታንከር ሥራ መጣ። ታንከሩ በአራት የአርማታ እግሮች ላይ ከፍ ብሎ የሚቆም ነው። የከተማው ሰው ያን ጊዜ ውሃ ከሐይቁ በጋሪ እያስመጣ ነበር የሚጠጣው፤ ታንከሩ ለአብዮት በዓል ተመርቆ ውሃ እንዲሰጥ ከላይ ታዟል። እግሮቹን በፕሮግራሙ አሰላኋቸው። ለማንኛውም ብዬ የነፋሱን ግፊት በእጄም ሞከርኩት። ሁለቱ መልሶች አልተገናኙም። በእጄ ያገኘሁት ማሽኑ ከሚለው የበለጠ ፌሮ ብረት ይፈልጋል። ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው።

የክፍል ኃላፊያችን ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በግንባታ ሥራ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው ገብቼ ነገርኳቸው።

«ማሽኑ ተሳስቷል እያልሽኝ ነው?»

«ማሽኑ አይደለም ጋሼ። እኔ ያልነገርኩት ነገር ያለ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።»

«ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ሲሚንቶው ዝዋይ ገብቷል። በየቀኑ እየተደወለ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም።»

«ይገባኛል። ግን እዚህ ላይ አልፈርምም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እስከ ሰኞ እጠብቅሻለሁ» አሉ። «ሰኞ መልስ ከሌለሽ ሌላ ሰው ይፈርማል።»

ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ በዚሁ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ መሐንዲስ እንዳለ በወሬ ሰምቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሸንኮራው መሃል አልፈን ስንደርስ የሞላሰሱ ሽታ ተቀበለን። ሰውዬው ፀጉራቸው ከግንባራቸው የሸሸ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ናቸው። ማን እንደሆንኩና ምን እንደገጠመኝ ስነግራቸው ወንበር ሳቡልኝ።

«የታንከሩ እግሮች ካሬ ናቸው?»

«አይደሉም፤ ባንድ ጎን ሰፋ ይላሉ።»

ከጠረጴዛቸው ላይ የእንጨት ማስመሪያ አነሱ። «ይቺን እያት። በሰፊው ፊቷ ስትጫኛት ትጎብጣለች። በጠባቡ ጠርዟ አቁመሽ ብትጫኛት ንቅንቅ አትልም። የእግሮቹ ሰፊ ጎን ወዴት እንደዞረ ለፕሮግራሙ ነግረሽዋል?»

አልነገርኩትም። ካልነገሩት ደግሞ ማሽኑ ራሱ አንዱን አቅጣጫ ይመርጣል። የታንከሩን እግሮች በጠንካራ ጎናቸው ነፋሱን እንደተቋቋሙ አድርጎ ነበር ያሰላው፤ በፕላኑ ላይ ግን የቆሙት ተገላቢጦሽ ነው።

«እርስዎ እንዴት አወቁት?» አልኳቸው።

«እኔም አንድ መጋዘን ላይ ገጥሞኝ ነው። ምክንያቱን እስካገኝ ወራት ፈጀብኝ።»

«ወራት?»

«ማንን ልጠይቅ? አንቺ ናዝሬት ተቀምጠሽ እንደኔ ስትለፊ መቼ አወቅኩ?»

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ያቺ አባባላቸው ከጆሮዬ አልወጣችም። አሰላም፣ መተሐራም፣ ዝዋይም እንዲህ ለየብቻው የሚዳክር ሰው መኖር አለበት። አንዱ ያገኘውን ሌላው ካልሰማ አንድ ቀን የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ይወድቃል። እነዚህን ሰዎች ሳልሰበስብ እንደማልተኛ ለራሴ ነገርኩት።

ስሌቱን አስተካክዬ ስሠራው ሁለቱ መልሶች ተገናኙ። ሰኞ ጋሼ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው አዩ፤ ፌሮው እንዲጨመር አዘዙና ፈረሙ። እኔም እዚያው ቆሜ ቅዳሜ ከሰዓት የኮምፒውተሩን ክፍል እንዲፈቅዱልን ጠየቅኳቸው።

«ስብሰባ ልትጠሪ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ክፍሉን እሰጥሻለሁ። የቀበሌውን ፈቃድ ግን ራስሽ ጨርሺ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪ የለበሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ጎልማሳ ነበር።

«የምን ስብስብ ነው?»

«የተጠቃሚዎች፣ ጓድ።»

«ምን የሚጠቀሙ?»

«ፕሮግራም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «የየትኛው ድርጅት ፕሮግራም?»

በዚያ ዘመን የፖለቲካ ድርጅት ፕሮግራም ይዞ የተገኘ ሰው ይታሰር ነበር። የሕንፃ ስሌት የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሆኑን እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። ነገ ነይ አለኝ። በማግስቱም ነገ ነይ አለኝ። ሄድኩ፤ ደግሜ ሄድኩ፤ ጸሐፊዋ ገና ከበሩ ስታየኝ አንገቷን መነቅነቅ ጀመረች። በመጨረሻ «እንግዲያው ራስዎ መጥተው ይዩን» አልኩት። እሱ እንዲገኝ፣ ስብሰባውም እንደ ማንኛውም ስብሰባ በመፈክር እንዲከፈት ነግሮኝ ፈቀደ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የወንጂው መሐንዲስ ቀድመው ደረሱ። በየመሥሪያ ቤቱ ስልክ እየደወልኩ ያፈላለግሁት አንድ ወጣት መሐንዲስ ከአሰላ መጣ፤ ከዝዋይ ደግሞ የታንከሩን ሥራ የሚከታተለው ቴክኒሻን በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» እያለ ሁላችንንም ጨብጦ ተቀመጠ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። ሁሉም የተማረ ነው፤ አላውቅም ብሎ መጀመር የፈለገ የለም። ስለዚህ የታንከሩን ነገር እኔ ከሥር ጀምሬ ተረክሁ፣ ሥዕሉንም ሰሌዳው ላይ አወጣሁት። ሳልጨርስ የአሰላው ልጅ ከወንበሩ ተነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ! እኔም አቅጣጫውን ነግሬው አላውቅም። ሁሩታ ከተማ ላይ የሚሠራ የእህል መጋዘን አለኝ።»

«ምሶሶው ቆሟል?» አሉት የወንጂው።

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ና፣ አሁኑኑ እናስላው።»

አራታችንም ማሽኑን ከበብን። ሊቀመንበሩ ከኋላችን ቆሞ አረንጓዴዎቹን ቁጥሮች ትንሽ ተመለከተ።

«ይሄ ሁሉ ስለ ብረት ነው?»

«ስለ ብረትና ስለ አርማታ ነው፣ ጓድ።»

«በሉ ቀጥሉ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ መጥቶ አያውቅም።

የዝዋዩ ታንከር ለበዓሉ አልደረሰም፤ ጋሼም ተወቀሱበት። ውሃ ሲለቀቅ ግን ሄጄ ነበር። ሴቶች እንስራቸውንና ጀሪካናቸውን ይዘው የቦኖው ቧንቧ ፊት ሲሻሙ ከእግሮቹ ሥር ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ከአርማታው ውስጥ ያለውን ፌሮ ማን ያየዋል? እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ስብሰባው ቀጠለ። ከመተሐራም የሚመጡ ተጨመሩ። አንድ ቅዳሜ በመሃሉ መብራት ጠፋና ማሽኑ ጭልም አለ። ሰው ሊበተን ነው ብዬ ስፈራ የወንጂው መሐንዲስ ተነሥተው ያንን የተዘጋ መስኮት ወለል አድርገው ከፈቱት። አቧራውም ብርሃኑም አብሮ ገባ። ጠመኔ አነሣሁ፤ የቀረውን ሰሌዳው ላይ በእጃችን ማስላት ጀመርን። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።