ከታንክ ማገጃው ላይ የጠፋው ስም

ጽሕፈት ብዙም ስለማልችል ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ላም አላቢ ነኝ። ግን ስለ አንድ ሽማግሌ ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ታንክ እንዳያልፍ የተደረደሩት የኮንክሪት ብሎኮች ዛሬም በግጦሻችን ዳር አሉ፤ ላሞቹ ይታከኩባቸዋል። ሽማግሌው በየመስከረሙ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ከረባታቸውን አጥብቀው አስረው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አራተኛውን ብሎክ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

ዘንድሮ እንደምንም ደፍሬ፣ "ምን ጠፋብዎት አባት?" አልኳቸው።

"ስም" አሉኝ። "ይህን ብሎክ ያፈሰስነው እኔና ጓደኛዬ ዊልፍ ነን። ገና እርጥብ እያለ ስሙን በምስማር ጻፈበት። 'አንተ ደደብ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ መሰለህ?' ብዬ በግንበኛ ማንኪያ ድምጥማጡን አጠፋሁት። ሥራ ማሳመሬ ነበር።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ሳቀብኝ። በዓመቱ ዘመተና መርከቡ ሰጠመ። መቃብር እንኳ የለውም።"

"ታዲያ እርስዎ ይጻፉለታ" አልኩ፣ አፍሬ።

ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ። በሻይ ኩባያ ሲሚንቶ በጥብጠው ብሎኩ ላይ በእጃቸው ለጠፉና በምስማር "ዊልፍ" ብለው ጻፉ። ከዚያም እስኪደርቅ ድረስ ላሞቼ እንዳይታከኩበት በባርኔጣቸው እያባረሩ አጠገቡ ቆሙ።