ለሸዋ ሮቢት የላክሁት ወፍራም ፊደል

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት የተሳፈርኩት የገዛ ፊደሌ ምን እንዳጠፋ ላጣራ ነው። ሥራዬ ለኮምፒውተር የሚሆኑ የፊደል ቅርጾችን መንደፍ ነው። ከሁሉም የምኮራበት ወፍራም፣ ቁመቱ ረዘም፣ ጎኑ ጠበብ ያለው ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ረጅም ስም በጠባብ ቦታ ያስገባል፣ ከሩቅም ይነበባል። እትዬ ዘነበች ምግብ ቤት ሲከፍቱ በሟች ባላቸው ስም እንዲጠራ ፈለጉ። በረንዳው ጠባብ፣ ስሙ ረጅም ስለሆነ «ሸዋንግዛው ወልደሚካኤል» ብዬ በነጭ ላይ በጥቁር ጻፍኩ፤ «ምግብ ቤት» የሚለውን ከሥር በትንሹ አድርጌ ላክሁላቸው። ወር ሳይሞላ ደወሉ። ሰው አይገባም፤ ያላቸውን ሁሉ አፍስሰውበታል፤ እንዲህ ከቀጠለ መዝጋታቸው ነው።

ደብረ ሲና

ከተራራው የመኪና ዋሻ ስንወጣ ጉም ተቀበለን። የሃምሳ ብር ቆሎ ገዝቼ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የመንገድ ዳር ጽሑፍ ሁሉ አነበብኩ። ጎማ ጠጋኙም፣ ሲሚንቶ ሻጩም በወፍራም ፊደል ጽፈዋል፤ ደንበኛም አላጡም። የእኔው ምን ሆነ?

ሸዋ ሮቢት፣ ስድስት ሰዓት

ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ። እትዬ ዘነበች ጥሩ ጥብስ አቀረቡልኝ፤ ከእኔ ሌላ በላተኛ አልነበረም። አንድ የጭነት መኪና ቀረበ፤ ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ፣ ኮፍያውን አወለቀና አለፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ። ግራ ገባኝ። ቀጥሎ ከቀወት ገጠር ለገበያ የመጡ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፣ እትዬ ዘነበችን ስመው «እግዜር ያጥናሽ፤ ሳልሰማ ቀርቼ ነው» አሉ። ጥቂት ተቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ይሄኔ ጭራሽ ዞረብኝ።

ደጅ የቆመውን የባጃጅ ሾፌር ሰው ለምን እንደማይገባ ጠየቅሁት። አሳፍሮ አንድ የመብራት ምሰሶ ጋ ወሰደኝ። የእድር ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ነጭ ወረቀት ላይ የሟች ስም በጥቁር፣ ወፍራም፣ ረዘም ጠበብ ባለ ፊደል። የእድሩ ጸሐፊ የሟች ስም ከነማዕረጉ በአንድ መስመር እንዲገባ ዘወትር እንዲህ ነው የሚጽፉት አለኝ ባለባጃጁ።

«እኛ ዘንድ ስም በዚህ ፊደል ከተጻፈ ሰው ሞቷል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ጥብስ የሚያዝ ማን አለ?»

አፈርኩ። ተመልሼ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው፤ ሰፋ ባለ ቀጭን ፊደል፣ በአረንጓዴ ቀለም እንድቀይረው ለመንኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው ሠሌዳውን አዩት።

«ሸዋንግዛው አዲስ አበባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እዚህ ድንኳን አልተጣለለትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን የጠራልኝ የለም፤ ሰው ሊያጽናናኝ መምጣት የጀመረው ይሄ ከተሰቀለ ወዲህ ነው። አሁን አውርጂው ትለኛለህ። ካላወረድኩት ደግሞ ልጆቼን ምን አበላለሁ?»

አዲሱን ሠርቼ እልክልዎታለሁ፤ የሚሰቀለውን እርስዎ ይምረጡ አልኳቸው።

አዲስ አበባ

እሑድ ማታ ቤቴ ገባሁ። አዲሱን ሠሌዳ በሁለት ቀን ጨርሼ በአውቶቡስ ላክሁ። ፊደል ከእጄ ሲወጣ ምን እንደሚል የምወስነው እኔ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚደርስበት አገር ቀድሞ ወስኖለታል። ከሁለቱ የትኛው ሠሌዳ እንደተሳካልኝ ግን ዛሬም አላውቅም።

ዓርብ እትዬ ዘነበች ደወሉ። ሾፌሮቹ እየቆሙ ነው፤ ምሳ በሰባት ሰዓት ያልቃል። አሮጌውን ሠሌዳ ጣሉት ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ጓዳ ሰቅዬዋለሁ» አሉኝ። «ከሥሩም ወንበር አስቀምጫለሁ፤ ገና ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ይመጣል።»